ስለሚነዝረው ኮምፒዩተርና መንገዱን ስላጣው ኮረንቲ

በሚሠሩበት ቢሮ ወይም በሚማሩበት ትምህርት ቤት ከኮምፒዩተሩ ጀርባ ገመድ ለመሰካት እጅዎን ሲዘረጉ የብረቱ ሣጥን ነዝሮዎት ያውቃል? ነዝሮዎት ከሆነ ብቻዎን አይደሉም። ነገሩ በየመሥሪያ ቤቱ እጅግ የተለመደ ከመሆኑ የተነሣ ሰዎች መልስ አዘጋጅተውለታል። አንዱ «ማሽኑ ተበላሽቷል፤ ይቀየርልኝ» ይላል። ሁለተኛው «ኮምፒዩተር ሁሉ እንዲህ ነው፤ ጫማህን ሳታወልቅ ንካው» ብሎ ያልፈዋል። ሦስተኛው ደግሞ፣ በየመሥሪያ ቤቱ የማይጠፋው ባለሙያ፣ እጀታዋ ውስጥ መብራት ያለባትን ካቻቢቴ ከኪሱ አውጥቶ ሣጥኑን ይነካና፣ መብራቷ ስትበራ «ፌዝ ነክቶታል!» ብሎ ይፈርዳል። ሦስቱም የሚያዩት ማሽኑን ነው። እኔ ግን በዚህ ሳምንት ዐይናችንን ከማሽኑ አንሥተን ወደ ግድግዳው ሶኬት እንድንመለከት እለምናለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው ከዚያ ነውና።

ነገሩን ለመረዳት በሣጥኑ ውስጥ ካለው ኃይል ሰጪ ክፍል እንጀምር። ይህም ቴክኒሻኖቹ ፓወር ሰፕላይ የሚሉት፣ ከበስተኋላ ሞቃት ነፋስ የሚያወጣው ክፍል ነው። ከግድግዳው የሚመጣው ኮረንቲ 220 ቮልት ሲሆን በሰኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ኮምፒዩተሩ የሚፈልገው ግን 12 ቮልት፣ 5 ቮልትና ከዚያም ያነሰ ቀጥተኛ ኮረንቲ ነው። በቀድሞ ዘመን መሣሪያዎች ይህን ለውጥ የሚፈጽመው ከባድ የብረት ትራንስፎርመር ነበር። የዛሬው ኃይል ሰጪ ግን ኮረንቲውን በሰኮንድ ብዙ ዐሥር ሺህ ጊዜ እየቆራረጠ፣ በእፍኝ በምትያዝ ትራንስፎርመር ያሳልፈዋል፤ ኮምፒዩተሩ ቀላልና ርካሽ ሊሆን የቻለውም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ መቆራረጡ የራሱን ጫጫታ ይፈጥራል። ጫጫታ ያልሁት በጆሮ የሚሰማውን አይደለም፤ በሽቦው ተመልሶ ወጥቶ የጎረቤትን ሬዲዮ የሚያውከውን ነው። ስለዚህ ፋብሪካው በኮረንቲው መግቢያ ላይ ማጣሪያ ያደርግበታል። ከማጣሪያው ክፍሎች ሁለቱ ካፓሲተር የሚባሉ፣ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ቀለም ያላቸው፣ ከሸሚዝ ቁልፍ የማይበልጡ ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ፌዙን፣ ሁለተኛው ኒውትራሉን ከሣጥኑ ብረት ጋር ያገናኛሉ።

እዚህ ላይ አንባቢ «ፌዝን ሆን ብሎ ሰው ከሚነካው ብረት ጋር ማገናኘት እንዴት ያለ ሥራ ነው?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ካፓሲተር ቀጥተኛውን ኮረንቲ ያግዳል፤ ተመላላሹን ግን እንደ መጠኑ በጥቂቱ ያሳልፋል። ምን ያህል እንደሚያሳልፍ ተማሪዎች በደብተራቸው ሊያሰሉት ይችላሉ። መጠኑ 4.7 ናኖ ፋራድ የሆነ አንድ ካፓሲተር እንውሰድ። 2 በ3.14፣ ይህም እንደገና በ50 ቢባዛ 314 ይሆናል። ይህን በ220 ቮልትና በካፓሲተሩ መጠን ሲያባዙት 0.000325 አምፔር ይመጣል፤ ይኸውም የአንድ ሚሊ አምፔር ሲሶ ያህል ማለት ነው። እንግዲህ ኮምፒዩተሩ ምንም ጉድለት ሳይኖርበት፣ ከካርቶኑ በወጣበት ዕለት እንኳ፣ ይህን ያህል ኮረንቲ ወደ ሣጥኑ ይሾልካል። የሚሄድበትም መንገድ አብሮ ተሠርቶለታል። እርሱም በኃይል ገመዱ ውስጥ ያለው ሦስተኛው፣ ቢጫና አረንጓዴ የሆነው ሽቦ ነው፤ ሠራተኞቹ ኧርዝ ወይም ግራውንድ ይሉታል፤ እኛ የመሬት ሽቦ እንበለው። መንገዱ ደኅና ከሆነ የሾለከው ኮረንቲ ማንንም ሳይነካ ወደ መሬት ይወርዳል።

የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ለዚህ ሹልክታ ወሰን አበጅቶለታል። ለኮምፒዩተርና ለመሰሎቹ በወጣው፣ ቁጥሩ 60950 በሆነው ደረጃ መሠረት፣ የመሬት ሽቦ ያለውና በተራ መሰኪያ የሚሠራ መሣሪያ ከ3.5 ሚሊ አምፔር በላይ እንዲያሾልክ አይፈቀድለትም ነበር። ዛሬ የዚያን ደረጃ ቦታ 62368 የሚባለው ወስዷል። የመሬት ሽቦ የሌለው፣ በድርብ ሽፋን የተሠራ መሣሪያ ደግሞ በቀድሞው ደረጃ የተፈቀደለት 0.25 ሚሊ አምፔር ብቻ ነበር። ላፕቶፕ ያለው አንባቢ የባትሪ መሙያውን ገልብጦ ቢያይ፣ አንድ ትንሽ አራት ማዕዘን በሌላ አራት ማዕዘን ውስጥ ተሥሎ ሊያገኝ ይችላል፤ የድርብ ሽፋን ምልክት ይኸው ነው። የብረት ገላ ያላቸው ላፕቶፖች ሲሞሉ በእጅ መዳፍ ሥር እንደ ጉንዳን የሚርመሰመስ ስሜት የሚሰጡት በዚህች ጥቂት ኮረንቲ ነው። አያስደስትም፤ አደጋ ግን አይደለም። ወደ ትልቁ ሣጥን እንመለስ።

የመሬቱ መንገድ የተቆረጠ እንደሆነ ምን ይሆናል? ሁለቱ ካፓሲተሮች ሣጥኑን በፌዝና በኒውትራል መካከል አንጠልጥለው ይይዙታል፤ ስለዚህም ሣጥኑ በ220 ቮልት እኩሌታ፣ በ110 ቮልት አካባቢ ይቆማል። በተራ ዲጂታል መለኪያ በሣጥኑና በመሬት መካከል የሚለካ ሰው ይህንኑ 110 የሚያህል ቁጥር አይቶ ይደነግጣል። ነገር ግን ከዚያ 110 ቮልት በስተኋላ ያለው አቅም ከላይ ያሰላነው የሚሊ አምፔር ሲሶ ብቻ ነው። ከመለኪያው ጎን አንዲት ትንሽ አምፖል ቢያገናኙ አምፖሏ ሳትበራ ቮልቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል። የካቻቢቴዋም ነገር እንዲሁ ነው። በእጀታዋ ያለችው የኒዮን መብራት ለመብራት የምትፈልገው ኮረንቲ እጅግ ኢምንት ስለሆነ፣ ከካፓሲተሩ በሾለከችው ጠብታም ትበራለች፤ ፌዙ በእርግጥ ተልጦ ሣጥኑን ሲነካም ትበራለች። ሁለቱን መለየት አትችልም። እኔ እስከማውቀው ድረስ በቢሮዎቻችን ውስጥ ከዚህች ካቻቢቴ የበለጠ የሚታመን ዳኛ የለም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ከእርሷ የባሰ ምስክር አይገኝም።

አሁን ወደ ሰው አካል እንምጣ። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በበርክሌይ፣ ቻርልስ ዳልዚል የሚባሉ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ፕሮፌሰር ነበሩ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ፈቃደኛ ሰዎችን እየሰበሰቡ፣ የመዳብ ሽቦ እያስጨበጡ፣ ኮረንቲውን ቀስ በቀስ ከፍ በማድረግ እጅ ሽቦውን መልቀቅ የሚያቅተው በየትኛው መጠን ላይ እንደሆነ ይመረምሩ ነበር። የጡንቻ መኮማተር ሰውዬው ሊለቅ እየፈለገ እንዳይለቅ ያደርገዋል፤ እኛ «ኮረንቲ ያዘው» የምንለው ቃል በቃል እውነት ነው። ለወንዶች አማካዩ 16 ሚሊ አምፔር፣ ለሴቶች 10.5 ሚሊ አምፔር ሆኖ አገኙት። ኮረንቲ መኖሩ በእጅ መሰማት የሚጀምረው ከግማሽ ሚሊ አምፔር አካባቢ ነው፤ በጣት ጫፍ ወይም በቀጭን ቆዳ በቀስታ ሲነካ ከዚያም ያነሰው ይሰማል። ከ30 ሚሊ አምፔር በላይ የሆነው ደግሞ ጥቂት ከቆየ የልብን ምት ሊያናጋ ይችላል።

እንግዲህ የሚሊ አምፔር ሲሶ የሆነ ነገር አይገድልም፤ ታዲያ ለምን ይህን ሁሉ ቀለም እጨርሳለሁ? በመጀመሪያ፣ ንዝረቱ የሚናገረው ስለ ራሱ አይደለም፤ የመሬቱ መንገድ መቆረጡን ይነግረናል። ያ መንገድ ደግሞ የተሠራው ለካፓሲተሯ ጠብታ ብቻ አይደለም። አንድ ቀን በኃይል ሰጪው ውስጥ ሽቦ ተልጦ ፌዙ በቀጥታ ሣጥኑን ቢነካ፣ የመሬቱ ሽቦ ካለ ብዙ አምፔር በአንድ ጊዜ ይጎርፍና ብሬከሩ ወዲያው ይወርዳል፤ ክፍሉ ይጨልማል፣ ሰው ግን ይተርፋል። የመሬቱ ሽቦ ከሌለ ምንም አይወርድም። ኮምፒዩተሩም መሥራቱን ይቀጥል ይሆናል። ሣጥኑ ሙሉ 220 ቮልት ተሸክሞ እስኪነካ ድረስ ይጠብቃል። የሰው አካል ተከላካይነት በዚያ ቮልቴጅ 1500 ኦም ነው ብንል በሰውዬው የሚያልፈው ወደ 147 ሚሊ አምፔር ይሆናል። ይህንን ከዳልዚል ቁጥሮች ጋር ራስዎ ያስተያዩት።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ ከጽሑፌም ሁሉ ይህችኛዋን ክፍል እንዳያልፏት እለምናለሁ። በአንድ ክፍል ውስጥ ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ኮምፒዩተሮች ካሉ፣ ብዙ ጊዜ ኮረንቲ የሚያገኙት ከአንድ የግድግዳ ሶኬት በተነሡና እርስ በርሳቸው በተቀጣጠሉ ማከፋፈያዎች ነው። በማከፋፈያዎቹ ውስጥ የመሬቱ ሽቦዎች ሁሉ ይገናኛሉ። አሁን ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ብቻ መሬት የለውም እንበል። የዐሥራ አምስቱም ማሽኖች ሹልክታ በአንድነት ተጠራቅሞ መውጫ ይፈልጋል፤ ከዐሥራ አምስቱ አንዱን ሣጥን የነካ ሰውም የሚቀበለው የሁሉንም ድምር ነው። እያንዳንዱ አንድ ሚሊ አምፔር ቢያሾልክ፣ ይህም በደረጃው የተፈቀደ ነው፣ ድምሩ 15 ሚሊ አምፔር ይሆናል፤ ዳልዚል ሴቶች እጃቸውን መልቀቅ ካቃታቸው አማካይ በላይ፣ ከወንዶቹም ብዙ የማይርቅ። ከዐሥራ አምስቱ ማሽኖች አንድም የተበላሸ የለም። እያንዳንዱን ለብቻው ወደ ጥገና ክፍል ቢወስዱት «ደኅና ነው» ተብሎ ይመለሳል።

ደረቅ ጣውላ ላይ በጫማ የቆመ ጸሐፊ ምንም ላይሰማው ይችላል። የመስኮቱን ብረት በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ሣጥኑን የነካው ግን ይሰማዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋው በማለዳ እርጥብ ወለል ላይ ቆማ፣ በረጠበ ጨርቅ ማሽኖቹን ለምትወለውለው የጽዳት ሠራተኛ ነው። ስለ ኮምፒዩተር ጥገና ስብሰባ ሲደረግ ግን እርሷን የሚጠራት የለም።

መሬቱ የሚጠፋው የት ነው? በሀገራችን ቢሮዎች ቢያንስ ሁለት ሦስት ዓይነት ሶኬት በአንድ ኮሪደር ላይ ይገኛል። በብዛት የሚታየው ለሁለት ክብ እግሮች የተሠራው ነው፤ መሬት ያለው ዓይነቱ ከላይና ከታች በጎኑ የብረት ምላሶች አሉት፤ ሌላው ዓይነት ምላስ የሌለው ጠፍጣፋ ነው። በእንግሊዝ ሥርዓት የተሠራ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር መሰኪያም ከመሣሪያው ጋር አብሮ ይመጣል። ያን ጊዜ ከሱቅ በጥቂት ብር የሚገዛ መቀየሪያ መካከል ይገባል። ብዙዎቹ መቀየሪያዎች ሦስት ቀዳዳ ይቀበሉና በሌላው ወገን ሁለት እግር ብቻ ይሰጣሉ፤ ሦስተኛው ሽቦ እዚያው ቀርቷል ማለት ነው። ርካሽ ማከፋፈያዎችም አሉ፤ ቀዳዳቸው ሦስት፣ ገመዳቸው ግን ባለ ሁለት ሽቦ ነው። አንዳንዱ ደግሞ መሰኪያው አልገባ ሲለው የመሬቱን እግር በፒንሳ ይቆርጠዋል።

ግድግዳው ላይ ምላሶቹ ቢታዩም ገና አልጨረስንም። ከበስተጀርባቸው ሽቦ ላይኖር ይችላል፤ ሽቦው ቢኖርም ከማከፋፈያው ሣጥን በታች ከመሬት ዘንግ ጋር ላይገናኝ ይችላል፤ ዘንጉ ቢኖርም በደረቅ አፈር ውስጥ፣ በተለይም በበጋ፣ ተከላካይነቱ ከፍ ይላል። ከሁሉ የከፋው ግን ብልሃተኛ ነኝ የሚለው ሠራተኛ በሶኬቱ ውስጥ የመሬቱን ምላስ ከኒውትራል ጋር በአጭር ሽቦ ያገናኘው እንደሆነ ነው። ንዝረቱ ወዲያው ይጠፋል፤ ሠራተኛውም ይመሰገናል። ነገር ግን የኒውትራሉ ሽቦ አንድ ቦታ ላይ የላላ ዕለት፣ ከዚያ ሶኬት ጋር የተያያዘ ብረት ሁሉ ሙሉ ፌዝ ይሆናል። በጎኖቹ መሬት ያለውን ክብ መሰኪያ ገልብጠን ልንሰካው ስለምንችልም፣ የትኛው ቀዳዳ ኒውትራል መሆኑን ተጠቃሚው የሚያውቅበት መንገድ የለም።

ምርመራው እንዴት ይደረጋል? በእንግሊዝ አገር በ1989 በሥራ ቦታ ስለሚገኝ ኤሌክትሪክ ደንብ ከወጣ ወዲህ የቢሮ መሣሪያዎችን በየጊዜው መመርመር ትልቅ ሙያ ሆኗል። የምርመራው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ዐይን፣ ቀጥሎ የመሬቱ ሽቦ፣ ቀጥሎ ሽፋኑ፣ በመጨረሻ ሹልክታው ነው። በዐይን የሚታየው የተላጠ ገመድ፣ የተቃጠለ መሰኪያ፣ የላላ እግር ነው፤ አብዛኛውም ጥፋት የሚገኘው በዚሁ ነው፤ ለዚህም መሣሪያ አያስፈልግም። የመሬቱ ሽቦ ሲመረመር ደግሞ ከመሰኪያው የመሬት እግር እስከ ሣጥኑ ባዶ ብረት ድረስ ያለው ተከላካይነት ይለካል፤ ከገመዱ ራሱ ተከላካይነት ሌላ ከ0.1 ኦም እንዳይበልጥ ይፈለጋል። ቀለም የተቀባ ብረት ላይ ያስጠጋ ሰው የማይሆን ቁጥር ያገኛል፤ ከበስተኋላ ያለውን ብሎን ይንካ።

ለኮምፒዩተር ሲሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቀድሞዎቹ መመርመሪያዎች ለብረት ምጣድና ለመሰርሰሪያ የተሠሩ በመሆናቸው በመሬቱ ሽቦ ውስጥ 25 አምፔር ያሳልፉ ነበር። በኮምፒዩተር ውስጥ ግን ያ ኮረንቲ በስሱ የመልእክት ገመዶች በኩል መንገድ ሊፈልግ ስለሚችል፣ ከ100 እስከ 200 ሚሊ አምፔር በሆነ ለስላሳ ኮረንቲ መለካት ይመረጣል። ሽፋኑ የሚለካው በ500 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ ነው፤ ቢያንስ 1 ሚሊዮን ኦም ይጠበቅበታል። ነገር ግን መሣሪያው ውስጥ የድንገተኛ ቮልቴጅ መከላከያ ካለ እርሱ በ500 ቮልት ሥራውን ይጀምርና ደኅናውን መሣሪያ የወደቀ ያስመስለዋል፤ ስለዚህ በ250 ቮልት ይሞከራል። ከሺህ ቮልት በላይ የሚሰጠው ፈተና የፋብሪካ ነው፤ ቢሮ ውስጥ በኮምፒዩተር ላይ እንዲደረግ የሚፈቅድ ኃላፊ ለሌላ ኮምፒዩተር በጀት መያዝ አለበት።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነችው የመጨረሻዋ ናት። የሽፋኑ ፈተና በቀጥተኛ ኮረንቲ ስለሚደረግ፣ ካፓሲተርም ቀጥተኛውን ስለሚያግድ፣ ሹልክታውን ፈጽሞ አያየውም። የሹልክታ ፈተና የሚደረገው መሣሪያው በራሱ 220 ቮልት እየሠራ ሳለ ነው። የኮምፒዩተሩ ማብሪያ ክፍት መሆን አለበት፤ ከተዘጋ የሚገኘው ቁጥር ውሸት ነው። በመሬቱ ሽቦ የሚያልፈውን በቀጥታ መለካት ይቻላል። ወይም ፌዙንና ኒውትራሉን በአንድነት በሚሊ አምፔር ማንበብ በሚችል ቆንጣጭ መለኪያ ማቀፍ ነው፤ የሄደውና የተመለሰው ኮረንቲ እኩል ከሆነ ዜሮ ያነባል፤ ልዩነት ካለ ልዩነቱ የሾለከው ነው። ተራው ቆንጣጭ መለኪያ የሚቆጥረው በአምፔር ስለሆነ ይህችን ጠብታ አያያትም። መሰኪያው የሚገለበጥ ዓይነት ከሆነ በሁለቱም ወገን ይለካ። ደኅና ኮምፒዩተር ከአንድ ሚሊ አምፔር በታች ወይም በዚያ አካባቢ ይሆናል፤ ከ3.5 የሚበልጠው፣ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ተለጥፎበት በልዩ መንገድ እንዲገናኝ የተሠራ ካልሆነ፣ ከሥራ ይውጣ። ቁጥሩ በመዝገብ ይጻፍ፤ አምና 0.4 የነበረ ዘንድሮ 2 ቢሆን፣ ወሰኑን ባያልፍም አንድ ነገር እየተለወጠ ነው። መርማሪው ኮምፒዩተሩን ሊነቅለው ስለሚችልም ጸሐፊው አስቀድሞ ሥራውን ያስቀምጥ፤ ይህን ያልተነገረው ጸሐፊ በሚቀጥለው ጊዜ መርማሪውን በር ላይ ያስቆመዋል።

አዳዲስ ሕንፃዎች ውስጥ አር ሲ ዲ የሚባል ብሬከር ይገባል። ሐሳቡ ከላይ እንዳልነው የሄደውንና የተመለሰውን ማስተያየት ነው፤ በአሜሪካም የዚህኑ ዓይነት መሣሪያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሠሩት እኚያው ዳልዚል ናቸው። የ30 ሚሊ አምፔሩ አር ሲ ዲ ልዩነቱ 30 ሲደርስ የግድ መቁረጥ አለበት፤ እስከ 15 ድረስ መቁረጥ የለበትም፤ በመካከሉ ግን ሊቆርጥ ይችላል። ስለዚህ መሐንዲሶች የማሽኖቹ ዘወትራዊ ሹልክታ ከ9 ሚሊ አምፔር እንዳያልፍ ይመክራሉ። ዐሥራ አምስት ማሽን በአንድ መስመር ላይ ያለበት ቢሮ፣ ጠዋት ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲከፈት ብሬከሩ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ነው አደገኛው መድኃኒት የሚመጣው፤ ባለሙያው የመሬቱን ሽቦ ይነቅላል። ብሬከሩም በእርግጥ መውረዱን ያቆማል! ኮረንቲው የሚሾልክበት መንገድ ስለጠፋ ልዩነት የለም። ሥራ ይቀጥላል፤ ሁሉም ይደሰታል። ከዚያ በኋላ ሣጥኑን የነካው ሰው 15 ሚሊ አምፔሩን ብቻውን ይቀበላል፤ አር ሲ ዲውም ወሰኑ አልደረሰምና ሊያየው ይችላል፣ ላይቆርጥለትም ይችላል። ትክክለኛው መድኃኒት ማሽኖቹን በሁለት ወይም በሦስት መስመር፣ እያንዳንዱን በየራሱ አር ሲ ዲ መክፈል ነው። ገንዘብ ያስወጣል፤ ሌላ መንገድ ግን የለም።

እንግሊዞች ያደረጉትን እንዳለ እንቅዳው የሚል ካለ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ደንባቸው መሣሪያ ሁሉ በየዓመቱ ይመርመር አይልም፤ ይሁን እንጂ ብዙ መሥሪያ ቤቶች በየዓመቱ በእያንዳንዱ ገመድ ላይ ምልክት እያስለጠፉ ይከፍሉ ነበር። በ2011 ፕሮፌሰር ራግናር ሎፍስቴት ለመንግሥቱ ባቀረቡት ጥናት ይህ ልማድ አደጋው አነስተኛ በሆነ ቦታ ከሚገባው በላይ መሆኑን አመለከቱ፤ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱም መመሪያውን አሻሻለ። ለእነርሱ ልክ ነው። ኮምፒዩተራቸው የሚሰካው የመሬት ቀዳዳ ግዴታ በሆነበት፣ መሰኪያውም አንድ ዓይነት በሆነበት ግድግዳ ላይ ነው፤ ስለዚህ የሚቀራቸው ማሽኑን ማየት ነው። እኛ የእነርሱን መጽሐፍ ከገጽ አንድ ስንጀምር ማሽኑን ለክተን «ደኅና ነው» ብለን መሬት በሌለው ሶኬት ላይ መልሰን እንሰካዋለን። ለእኛ ቢሮዎች የመጀመሪያው ፈተና የግድግዳው ሶኬት፣ ሁለተኛው ማከፋፈያው፣ ሦስተኛው ኮምፒዩተሩ ሊሆን ይገባል። ባለ ሦስት መብራት የሶኬት መሞከሪያ ዋጋው ትንሽ ነው፤ መሬት መኖሩን እንጂ ጥራቱን አይናገርም፣ ቢሆንም ለመጀመሪያ ምርመራ ይበቃል። ጥራቱን የሚለካው መሣሪያ በኤሌክትሪክ መሐንዲሶች እጅ አለ።

እርስዎ ራስዎ ሶኬት አይፍቱ፤ ሣጥንም አይክፈቱ። ማድረግ የሚችሉት ነገ ጠዋት መሰኪያዎን ማየት፣ መካከል የገባ መቀየሪያ ካለ እግሩን መቁጠር፣ የማከፋፈያውን ገመድ ውፍረት መመልከት ነው። ከዚያም ለጠቅላላ አገልግሎት ማመልከቻ ሲጽፉ «ኮምፒዩተሩ ስለሚነዝር ይጠገንልኝ» ብለው አይጻፉ። እንዲህ ከጻፉ ሁለት ሰዎች መጥተው ኮምፒዩተሩን ይወስዱታል፤ ጥገና ክፍሉ መሬት ባለው ሶኬት ላይ ሰክቶ ሲሞክረው ምንም አያገኝበትም፤ ከሳምንት በኋላ «ችግር የለበትም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ወደዚያው ግድግዳ ይመለሳል። የክፍሉን ቁጥር፣ ሶኬቱ ከበሩ በየት በኩል እንደሚገኝና በእርሱ ላይ የተሰኩትን ማሽኖች ብዛት ይጥቀሱና «የዚህ ሶኬት የመሬት መስመር እንዲለካልኝ» ብለው ይጻፉ፤ መልሱም በኦም ቁጥር ተጽፎ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ።